ያልለካሁባቸው ሦስት ቀናት

ሰኞ፣ ኅዳር 15

ዋሸሁ። ጾሙ በገባ በመጀመሪያው ቀን፣ ከኪዳን ተመልሼ፣ ገና እህል ሳልቀምስ ዋሸሁ።

ዶክተር መዓዛ ዛሬ ከአዲስ አበባ ገባች። ቦርሳዋን እንኳ ሳታስቀምጥ በቀጥታ ላቦራቶሪው ውስጥ ወዳለው ቱቦ ሄደች። ቱቦው በእኔ ቁመት ነው፤ ውስጡን ያሳያል፤ የተፈጨ ድንጋይ ሞልተንበታል። ከላይ ከጠርሙስ አሲድ ጠብ ጠብ ይልበታል። አሲዱ በድንጋዩ መካከል እያለፈ መዳቡን ያሟሟና ከታች ሰማያዊ ሆኖ ይወርዳል። ድንጋዩን የላኩት የማዕድን ኩባንያ ሰዎች ተራራውን መናድ አይፈልጉም። መዳቡን እዚያው መሬት ሥር እንዳለ በአሲድ አሟሙተው መቅዳት ነው ሐሳባቸው። ይሆናል አይሆንም የሚለውን የምትፈትነው እሷ ናት። ጧትና ማታ የኮምጣጣነቱን ልክ፣ ፒኤች የሚሉትን፣ እየለካሁ መዝገቡ ላይ የምጽፈው እኔ ነኝ።

ከቱቦው ወገብ ላይ ሁለት ጣት የሚያህል ቡናማ ቀለበት አየች።

«ጋሽ ይሁኔ፣ ይኼ መቼ መጣ?»

«ቀስ እያለ ነው የመጣ» አልሁ።

ቀስ እያለ አልመጣም። እኔም ያየሁት ትናንት እሑድ ነው። ሐሙስ፣ ዓርብና ቅዳሜ እዚህ አልነበርሁም። ዘጌ ነበርሁ፤ የባለቤቴ የጥሩዬ ሙት ዓመት ነበር። የሦስቱን ቀን ቁጥር ትናንት ከሰዓት በኋላ ቁጭ ብዬ ከራሴ ፈጥሬ ጻፍሁት።

የጥሩዬ እኅት እናኑ ከጓሮዋ ለቅማ የሰጠችኝን ሎሚ ለዶክተር አንድ ፌስታል ይዤላት ሄጄ ነበር።

«እንዲህ ያማረ ሎሚ ከየት ነው?»

«ከገበያ።»

ለሎሚ እንኳ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 16

ያደረግሁትን ሳላለባብስ ልጻፈው።

ረቡዕ ማታ ጠርሙሱን ሞላሁ። ለአንድ ቀን ይበቃል፣ ሐሙስ ማታ እመለሳለሁ ብዬ።

አልተመለስሁም። ጠርሙሱ ባዶ ቀረ። ድንጋዩ ደረቀ።

እሑድ ስመጣ፣ ከታች የተጠራቀመው ፈሳሽ የሦስት ቀን እንዲመስል ብዬ ቧንቧውን ያለልክ ከፈትሁት። አሲዱ በድንጋዩ መካከል አላልፍ አለ። በቱቦው ግድግዳ በኩል ሾልኮ ወረደ። ሰማያዊ አልሆነም፤ እንደገባ ወጣ።

ዛሬ ዶክተር ወንበር ስባ ከቱቦው ፊት ተቀመጠችና ለእኔም ለራሷም የምታስረዳ ይመስል ታወራ ጀመር። ድንጋዩ ውስጥ ኖራ አለ፤ አሲዱ መዳቡን ትቶ ኖራውን ይበላል፤ ከዚያ ጀሶ ይሆንና መተላለፊያውን ይደፍነዋል አለች። አሲዱ ሲደክም ደግሞ ውስጡ ያለው ብረት እንደ ዝገት ይቀመጣል። ቡናማው ቀለበት እሱ ነው።

ጀሶን አውቀዋለሁ። ይህን ሥራ ሳልይዝ አሥራ አንድ ዓመት ግድግዳ ለስኛለሁ። ጀሶ እጅህን ካቆምህለት ይጨብጣል፤ ከጨበጠ በኋላ መዶሻ ነው። እጄን ማቆሜን ግን አልነገርኋትም። እንደ ተማሪ ጭንቅላቴን እየነቀነቅሁ ሰማኋት።

«የማይገባኝ» አለች፣ «አሲዱ ሳያቋርጥ እየፈሰሰ፣ ቁጥሩ ንቅንቅ ሳይል፣ በአንድ ጊዜ እንዴት ይደፈናል? መሬት ሥር ቢሆን እኮ ከፍተን አናየውም።»

ዓርብ ለሰዎቹ ሪፖርቷን ትልካለች። «ይህ ድንጋይ አይሆንም» ልትል ነው። በእኔ ቁጥር፣ በእሷ ስም።

ስወጣ ዘበኛው ሞላ በሩ ላይ ያዘኝ። «አንተ ሰውዬ! ሦስት ቀን ዘጌ ከርመህ አንዷን ጠልፈህ መጣህ አሉ!» ሳቀ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «አይዞህ፤ ዶክተሯ ስትገባ ጋሽ ይሁኔ ከዚህ ንቅንቅ አላለም ብያታለሁ» አለኝ።

ሳልለምነው ዋሸልኝ። እኔም «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አልሁት። በእግዚአብሔር ስም አመሰገንሁት!

ረቡዕ፣ ኅዳር 17

እስካሁን ለራሴም ሐይቁ ተናውጦ ነው የቀረሁ ስል ሰነበትሁ። የሐሙስ ማታው እውነት ነው፤ ማዕበሉ ጀልባ አያስወጣም ነበር። ዓርብ የሚካኤል በዓል ነው፣ አንግሼ እሄዳለሁ አልሁ። እሱም ይሁን። ቅዳሜስ?

ቅዳሜ ሐይቁ ዘይት የፈሰሰበት ይመስል ጸጥ ብሎ ነበር። ከእናኑ ሎሚ ሥር ተጋድሜአለሁ። ባለጀልባው ከታች ሲጣራ ይሰማኛል። እናኑ መጥታ «ይሁኔ፣ ጀልባው ሊሄድ ነው» አለችኝ። «ይሂድ» አልሁ። «ይሁን ተኛ፣ ፊትህም ከስቷል» ብላ ጋቢ ጣል አደረገችብኝ። ጥሩዬ ካረፈች ወዲህ እንዲያ ያለ እንቅልፍ ተኝቼ አላውቅም።

በመተኛቴ አላፍርም። ተኝቼ ሳለ እንደነቃሁ አድርጌ በመጻፌ ነው። ያውም በጥሩዬ መታሰቢያ። ለጸሎት ሄጄ ውሸት ይዤ ተመለስሁ።

ፈቃድ ለምን አልጠየቅሁም? ይህን ለመጻፍ ብዕሩን ሁለት ጊዜ አስቀመጥሁት። ባለፈው ወር ዶክተር በተማሪዎቿ ፊት «ከእናንተ ይልቅ ጋሽ ይሁኔን አምናለሁ፤ ቁጥር አያሳልፉም» ብላ ነበር። እኔ ስምንተኛ ክፍል ያቋረጥሁ ሰው። ቃሉን ይዤው ሰፈሬ ሹም አቦ ድረስ በእግሬ ሄድሁ፤ ባጃጅ መሳፈሩንም ረሳሁት። ፈቃድ ብጠይቅ ከተማሪዎቹ አንዱን ትተካ ነበር፤ እሱም ያለምንም ችግር ይለካ ነበር። ያ ነው አልዋጥልህ ያለኝ። በቃ፣ ይኸው ነው።

መዝገቡን ዛሬ ገልጬ አየሁት። 1.8፣ 1.9፣ 1.8። ያምራሉ። በእውነት የለካኋቸው ግን እንዲህ አምረው አያውቁም፤ አንዱ ይዘላል፣ አንዱ ይወድቃል። ገጹን ልቅደደው ብዬ ጫፉን ያዝሁ። ተውሁት።

ሐሙስ፣ ኅዳር 18

ከሥራ ቀድሜ ወደ ንስሐ አባቴ ሄድሁ። ከዛፍ ሥር ተቀምጠው የነሐሱን የዕጣን ጽና በሎሚና በአመድ እያሹ አገኘኋቸው። አጠገባቸው ቁጭ አልሁና ሁሉንም ነገርኋቸው።

«አሲድ ያልኸው ምንድን ነው?» አሉኝ።

«አባ፣ እንደያዙት ሎሚ ነው። አረንጓዴውን ከነሐሱ ላይ ይለቅመው የለ? እሱ በጣም የበረታ ነው።»

«እንዲህ በለኝ! ታዲያ ሎሚውን ቀብቼ፣ ሳላሸው፣ ሳላጥበው ትቼው ብሄድ?»

«ይደርቅበታል። የባሰ ይሆናል።»

«አየህ፣ እኔም አውቀዋለሁ» ብለው ሳቁ። ቆይተው ግን ጽናውን አስቀመጡት። «ለእግዚአብሔር ነገርህ። ሴትዮዋስ?»

ከሥራ ያስወጡኛል ብዬ ፈራሁ አልሁ። ከአፌ ሲወጣ ዋናው እሱ እንዳልሆነ ገባኝና «ዓይኗን ማየት ነው የፈራሁ» አልኋቸው።

«ስገድ ብልህ ደስ ይልሃል፤ አውቅሃለሁ፤ ስግደት ይቀልሃል። ሂድና መጀመሪያ ንገራት። ቀኖናውን ከዚያ ወዲያ እሰጥሃለሁ።»

ቀኑን ሙሉ ጠርሙስ አጠብሁ። የታጠበውንም ደግሜ አጠብሁ። እሷ ኮምፒዩተሯ ላይ አቀርቅራለች። አራት ጊዜ ወደ በሯ ሄድሁ። በአራተኛው «ምን ፈለጉ ጋሽ ይሁኔ?» አለችኝ። «ሎሚው ጣፈጠ?» አልሁ።

ሎሚው ጣፈጠ! ወይ እኔ።

ዓርብ፣ ኅዳር 19

ነገርኋት።

ጧት ገና ወንበሯ ላይ ሳትቀመጥ። ያሰብሁት ንግግር ሁሉ ጠፋኝ። «ሐሙስ፣ ዓርብ፣ ቅዳሜ አልለካሁም፤ ከራሴ ነው የጻፍሁ፤ ጠርሙሱም ደርቆ ነበር፤ ሎሚውም የዘጌ ነው» አልሁ። ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ።

አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። መነጽሯን አወለቀች። «እኔ እኮ» አለች፣ «ሦስት ቀን ሙሉ ስሌቱን የደጋገምኩት የተሳሳትኩት እኔ መስሎኝ ነው። ትናንት ማታ ከዚህ ሙያ መውጣት አለብኝ ብዬ ለእናቴ ደወልኩላት።»

መሬት መሬት አየሁ።

«ለምን አልጠየቁኝም? የባለቤትዎ ሙት ዓመት! ሳምንት እሰጥዎት ነበር።»

ይህ ነው የገደለኝ።

መዝገቡን አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። ገጹን ልቅደደው ወይስ ልፋቀው አልኋት። «አይቻልም። የተጻፈ አይፋቅም። አንድ መስመር ያስምሩበትና ከጎኑ እውነቱን ጽፈው ይፈርሙ። መስመሩ ቀጭን ይሁን፤ ከሥሩ ያለው መነበብ አለበት።»

«ውሸቱ?»

«አዎ፣ ውሸቱም።»

አሰመርሁ። አንዱ መስመር ጠመመ። ከጎኑ ጻፍሁ፦ ሐሙስ፣ አልለካሁም። ዓርብ፣ አልለካሁም። ቅዳሜ፣ አልለካሁም። ሦስት ጊዜ ፈረምሁ። የሚመጣ ተማሪ ሁሉ ያነበዋል።

ሪፖርቱን አልላከችም። ለሰዎቹ ደውላ ቱቦው ተቋርጦ ስለነበር ከመጀመሪያው እንደገና እንሞክራለን አለቻቸው። ሲቆጧት ይሰማኛል። «ጥፋቱ የእኛ ነው» አለች። የእኛ አለች፤ የእሱ አላለችም።

የላቦራቶሪውን ቁልፍ አውጥቼ ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጥሁ። አየችው፤ አላነሳችውም። «ሰኞ እንነጋገር» አለች።

ለሞላም ነገርሁት፤ እንዳይዋሽልኝ። «አንተ ደግሞ፣ ሰው ሲያድንህ አትድንም!» አለኝ።

ሰኞ፣ ኅዳር 22

ትናንት የጽዮን በዓል ነበር፤ አስቀደስሁ። አባ ቀኖናዬን ሰጡኝ። አልጽፈውም።

ዛሬ ቁልፉ ጠረጴዛው ላይ እንዳስቀመጥሁት ነበር። ዶክተር «አዲሱን ቱቦ እንሙላ» ብቻ አለች። የተረፈውን ድንጋይ እየነፋሁ ሞላሁት። አሮጌውን ስገለብጠው መካከሉ እንደ ግድግዳ ደርቆ ነበር፤ በሹል ብረት ፈነቀልሁት። ነጩ ጀሶ፣ ቡናማው ዝገት፣ ከሥሩ ደግሞ አሲዱ ያልነካው ድንጋይ፤ መዳቡ እንዳለ።

ከሰዓት በኋላ አሲዱን አስጀመርን። የመጀመሪያዋ ጠብታ ማታ ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ወረደች፤ ገና ሰማያዊ አይደለችም። መለኪያውን ነከርሁ።

«ስንት ይላል?» አለችኝ ከወዲያ።

«4.6።» መጥፎ ቁጥር ነው። ኖራው አሲዱን እየጨረሰው ነው። ግን እሱኑ አልሁ።

ከወንበሯ ተነሣች። መጥታ አጠገቤ ቆመችና በራሷ ዓይን መለኪያውን አየች። ከዚህ በፊት መጥታ አይታ አታውቅም።

4.6 ነበር።

«ይጻፉት» ብላ ብዕሩን ሰጠችኝ፤ እስክጽፈውም ቆማ ጠበቀች። ቁልፉን ስወጣ ከጠረጴዛው ላይ አነሣሁት፤ አልከለከለችኝም።

ነገም መጥታ ታያለች። ትየው።