ድሪቶን አልሸጣትም

ይድረስ ለታላቅ ወንድሜ ለጋሼ ይሻው፤ ድሬዳዋ።

ጋሼ፣ እንደምን ከርመዋል? ጤናዎ እንዴት ነው? ያ የግራ ጉልበትዎ የድሬን ሙቀት ለመደ ወይስ ዛሬም ደረጃ ሲያይ ያኮርፋል? እትዬ ብርቱካንስ እንደምን አሉ፤ ስኳራቸው ረጋ አለላቸው? ሚሚ ሥራ መጀመሯን ሰምቼ ደስ ብሎኛል፤ አለቆቿ ሰው ናቸው? እኔ ለቸሩ ፈጣሪ ምስጋና ይድረሰውና ቆሜ እሄዳለሁ። ብርዱ ከጉና እየወረደ ጠዋት ጠዋት ጣት ያደነዝዛል እንጂ ሌላ ክፉ ነገር የለም። ጾሙንም በሰላም ይዘናል። እናታችን መቃብር ላይ የተከሉት ጽድ ከአጥሩ በልጧል፤ ካህናቱ "የይሻው ጽድ" ይሉታል።

ይህን በወረቀት የምጽፈው ስልክ ጠፍቶ አይደለም። በስልክ እርስዎ ይቆጣሉ፣ እኔም ታናሽ ነኝና "እሺ ጋሼ" እላለሁ፤ ከዘጋሁት በኋላ ግን እሺታዬ ከጉሮሮዬ አይወርድም። ባለፈው ወር "መኪናዋን ለወረታው ነጋዴ ሽጣትና ተገላገል" ሲሉኝ እሺ ብዬ ነበር። ያ እሺታ ውሸት ነበር። አልሸጣትም። ወረቀት አይቋረጥምና ከመቆጣትዎ በፊት እስከ መጨረሻው ያንብቡልኝ።

ነገሩን ከሥሩ ልያዘው። ባለቤቴ ማሬ ባረፈች ጊዜ ለቀብር ሲመጡ የነገሩዎት "መንገድ ላይ አለፈች" ብለው ብቻ ነው። እኔም ከዚያ በላይ ለማንም አልተናገርኩም። ታማ ወደ ሆስፒታል በፒካፗ ሳመጣት፣ ከእብናት ወደ ደብረ ታቦር በሚያወጣው ዳገት፣ ትልቁ ወይራ ያለበት መታጠፊያ ላይ፣ አሮጌው ሞተር ተንተክትኮ ቆመ። የወሳንሳ ማኅበሩ ስምንት ሰዎች ከኋላ ነበሩ፤ ማሬን በወሳንሳው፣ በእንጨት ቃሬዛው፣ አውርደው በትከሻቸው ይዘዋት ሮጡ። እኔ ኮፈን ከፍቼ ቀረሁ። ሚስቴን ሰው ሲሸከማት እኔ ብሎን እፈታ ነበር ጋሼ። ስደርስባቸው ነጠላዋን ፊቷ ላይ አልብሰዋት ቆመው አገኘኋቸው።

ከዚያ ጣራ ገዳም ወጥቼ ተሳልኩ። ያንን ዳገት የምትወጣ መኪና ቢሰጠኝ፣ ከዚያ አገር ታሞ የሚመጣን ሰው ሒሳብ ላልጠይቅ። ለዚህ ነው ከተገለበጠ መኪና የወጣውን አዲሱን ሞተር ገዝቼ በአሮጌዋ ፒካፕ ላይ ያስገጠምኩት። አካሏ የአንዱ፣ ሞተሯ የሌላው፣ ማርሿ የሦስተኛው ሆነና የሰፈር ሰው ድሪቶ ብሎ ስም አወጣላት። አልከፋኝም። ድሪቶም ከብርድ ያድናል።

ችግሩ ይህ ሞተር እንደ እርስዎ ዘመን ሞተር በጆሮና በመፍቻ አይገዛም፤ ናፍጣውን የሚመትርለት ኮምፒውተር አለው። ኮምፒውተሩም የለመደው የቀድሞ መኪናውን ነው። እኛ ዘንድ ያጣው ሴንሰር ስላለ ይፈራል፤ ሲፈራ ጉልበት ይሰበስባል። ከኅዳር ጀምሮ ድሪቶ ሜዳውን እንደ ፈረስ ትሄድና ወይራው ጋ ስትደርስ ትደክማለች። ሁልጊዜ እዚያው። ሽቦውን የገጠመው መካኒክ ባዩ አሥር ጊዜ አየው፤ አሥር ጊዜም እጁን ጠርጎ "ከእኔ አይደለም" አለ። በጥምቀት ማግስት ደግሞ ጭራሽ አልነሳ አለች። በማኅበሩ ፊት "ባዩ አበላሸብኝ" አልኩ። ሰውም አመነኝ። ሁለት ባለ መኪኖች ሥራቸውን ከእሱ ጋራዥ አነሱ። ይህን ልብ ይበሉልኝ፤ እመለስበታለሁ።

እንግዲህ ምርጫው እንዲህ ሆነ። ከዱባይ የሚመጣ አዲስ ኮምፒውተር አለ፤ ሁሉን እንደ ፈለጉ ይሞሉታል ይላሉ፤ ሁለት የእርሻ በሬ ቢሸጥ ግን ዋጋውን አይሞላም። እርስዎ "አሮጌውን ሞተር መልስ፣ ኮምፒውተር ያለው ሞተር የሰነፍ ሾፌር ነው" አሉኝ። የጅቡቲን መንገድ ሃያ ዓመት የነዱ ሰው ነዎትና ቃልዎን አከብራለሁ። ግን ያ ሞተር ማሬን የጣለ ሞተር ነው። ወርቅ ቢቀቡት አልመልሰውም።

ባዩ ደግሞ ስሙን አጥፍቼውም ቢሆን ያገለገለ ኮምፒውተር ተውሶ፣ የእጅ መዳፍ የምታህል ሳጥን በበግ ዋጋ አመጣልኝ። ሳጥኗ ከሽቦው መካከል ትገባና ለኮምፒውተሩ "ናፍጣው አንሷል" ትለዋለች፤ እሱም አምኖ ይጨምራል። ሥራዋ መዋሸት ነው። ይህን ስሰማ ቅር አለኝ፤ ቢሆንም ርካሽ ናትና ሞከርኳት። አየሩ በሳሳበት ደጋ ላይ ናፍጣ ብቻ ሲጨመር ምን ይሆናል? ጥቁር ጭስ። ዳገቱ ሳይጋመስ ራዲያተሩ ፈላ፤ ከኋላ ያለው ሚኒባስ ሾፌር መስኮቱን ዝቅ አድርጎ "አባት፣ ከሰል ነው የሚነዱት?" አለኝ። እዚያው ነቅዬ ጣልኳት።

በመጨረሻ የሄድኩት እርስዎ ወደ ሰደቧት ልጅ ነው። ሕይወት ትባላለች፤ የሐሙሲት ልጅ ናት። ኩዌት ስድስት ዓመት ኖራለች። የቀጠራት ሰው ጋራዥ ነበረው፤ መጀመሪያ የቤቱን ወለል፣ ኋላ የጋራዡን ቢሮ ስትጠርግ፣ ከላፕቶፑ ፊት ተቀምጣ ሥራውን ይዛ ቀረች። በስልክ "ከአረብ አገር የመጣች ገረድ ሞተር ታስተምርሃለች?" ብለውኛል። ጋሼ፣ ይህን ቃል መልሰው ይዋጡት። እኔና እርስዎ መንዳት የተማርነው የሰው መኪና እያጠብን ነው።

ልጅቷ ያገለገለ ኮምፒውተር ከአዲስ አበባ አስመጥታ ውስጡን ለድሪቶ አድርጋ ልትጽፈው ተስማማን፤ ከነድካሟ የአንድ ወይፈን ዋጋ። አስቀድማ ግን የሞተውን ኮምፒውተር ከፈተችው። ትክ ብላ አይታ "ውሃ ነው፤ ከላይ ነው የገባው። ጋሽ አለምነው፣ ይህን ያጠበው ማነው?" አለችኝ። "እኔ እንጃ" አልኳት።

አውቅ ነበር ጋሼ። የጥምቀት ዕለት ቄስ አለሙ ጸበል ሲረጩ ድሪቶን ወስጄ ኮፈኗን ከፈትኩ። ያም አልበቃኝም። ባዩ አጥብቆ የዘጋውን የኮምፒውተሩን ክዳን በእጄ ፈታሁት፤ በረከቱ እስከ ውስጥ ይግባ ብዬ። የቄሱ ርጭት አነሰኝና ከጀሪካኔ አንድ ጣሳ ጨመርኩበት። ዳገቱን እንድትወጣልኝ ነበር ልመናዬ። በማግስቱ ዝም ስትል ምክንያቱን ያወቅሁት ያኔውኑ ነው። ተናግሬ ጸበሉን የማሰድብ መሰለኝና የባዩን ስም ሰጠሁ። አሁን ራሴን ስመረምር ያዳንኩት ጸበሉን አልነበረም፤ ራሴን ነው። ጸበሉ ምን በደለ? ክዳኑን የፈታሁት እኔ።

ከሐሙሲት ስመለስ ንስሐ ልገባ ቄስ አለሙ ዘንድ ሄድኩ። የንስሐ አባቴ ናቸውና ይራሩልኛል ብዬ ነበር። ቄሱ ሰምተው ሰምተው "እኔ ስረጭ ባርኬያለሁ፤ በጣሳ አጠጣት ያለህ ማን ነው?" አሉኝ። ቀጥለውም "ለእኔ የነገርከውን ለባዩ ንገረው። ስሙን በማኅበር ፊት እንዳነሳህ በማኅበር ፊት መልሰው" አሉ።

በማኅበሩ ቀን ቆሜ ተናገርኩ። ባዩ "አንድ ጣሳ?" አለ። አዎ አልኩት። "ሙሉ?" አለ። ሙሉ አልኩት። "አንድ ወር ሙሉ ሽቦ ስፈትሽ፣ ሚስቴን ሳመናጭቅ የከረምኩት ለአንድ ጣሳ ነው?" አለና ሰዉ ሳቀ። እሱ ግን ቶሎ አልሳቀም። በኋላ "የአዲሱን ክዳን እኔ እዘጋዋለሁ፤ መፍቻውም እኔ ዘንድ ይቀመጣል" አለኝ። እንዳለውም በጎማ ላስቲክ አሽጎ ዘጋው። ይቅር ማለቱ እንደሆነ ይሆናል፤ አልጠየቅሁትም።

ሕይወት "ባዶ መኪና ሁሉ ጎበዝ ነው፤ የሚጭኑትን ጭነው ይምጡ" ስላለችኝ፣ ባለፈው ቅዳሜ የወሳንሳ ማኅበሩን ሰዎች ለመንኩ። ማሬን ከተሸከሙት ስምንቱ አንዱ አርፏል፤ ሰባቱ መጡ። "ያኔ እኛ ተሸከምን፤ ዛሬ ደግሞ እኛን ትሸከም" አሉ። ፋንታው፣ ቀልደኛውን ያውቁታል፣ ወሳንሳው ላይ ተጋደመና "ቀስ ብለህ ንዳ፣ የመውለጃ ወሬ ገብቷል" አለ። ሕይወት ላፕቶፗን ታቅፋ ከጎኔ ተቀመጠች።

አንድ ጊዜ ወጣን፤ ወይራው ጋ ደከመች። ልጅቷ ጻፈች፣ ወረድን። ሁለተኛ ወጣን፤ ጭሱ ጠፋ፣ ሙቀቱ ረጋ፣ ወይራው ጋ ግን ደከመች። ሦስተኛም እንዲሁ። ሕይወት ላፕቶፑን ስታይ ቆየችና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ "ጋሽ አለምነው፣ ይኼ ኮምፒውተር የእግርዎን ነገር ሁሉ ይጽፋል። ሦስቱንም ጊዜ እዚህ ቦታ ላይ ነዳጅ መስጫውን ለቀዋል። ሞተሩ አልደከመም፤ እግርዎ ነው የሚነሳው" አለችኝ።

አላምን አልኳት። መስመሩን አሳየችኝ። እንደ ገደል ቁልቁል የወረደ መስመር፣ ሦስት ጊዜ፣ አንድ ቦታ ላይ። አላውቀውም ነበር ጋሼ። በእግዚአብሔር ስም፣ አላውቀውም ነበር። ባዩን የከሰስኩት፣ ጣሳውን ያፈሰስኩት፣ እርስዎንም ያስቆጣሁት እግሬ ማሬ ባረፈችበት ቦታ ላይ ስለሚነሳ ኖሯል። ኮምፒውተሩ ማስተካከል አላስፈለገውም ማለቴ አይደለም፤ ጭሱም ድክመቱም እውነት ነበር፤ ተስተካክሏል። የቀረው የእኔ ነበር።

አራተኛውን ጊዜ ቀኝ እግሬን በቀኝ እጄ ጉልበቴ ላይ ተጭኜ ወጣሁ። ከኋላ ፋንታው እንኳ ከወሳንሳው ላይ ተነስቶ ተቀመጠ። ወይራው በመስኮቱ አለፈ። በሁለተኛ ማርሽ፣ ሳትንተከተክ፣ ሰባት ሰው ጭና። አናቱ ላይ ስንደርስ ሰዎቹ ጣራዋን በመዳፋቸው ደበደቡት። እኔ ወርጄ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩና ሕይወት ሥራዋን እስክትጨርስ ድረስ ዳዊቴን ደገምኩ።

ብዙ ጊዜ ራሴን ጠይቄያለሁ፤ ይህ ስለት ነው ወይስ እልህ? እርስዎም "የሞተ በሞተር አይመለስም" ብለውኛል። ልክ ነዎት፤ አይመለስም። እልህም ቢሆን ግን እልህ ይሁን። ትናንት ሰኞ ከዚያ ቆላ ምጥ የያዛት ሴት አመጣሁ። ወይራውን ስናልፍ ትጮህ ነበር፤ ሆስፒታሉ በር ስንደርስም ትጮህ ነበር። እንደዚያ ደስ ያለኝ ጩኸት የለም። የወረታው ነጋዴ ሌላ መኪና ይፈልግ።

ስለዚህ ጋሼ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ እምቢ ብዬዎታለሁ፤ ታናሽነቴን አልካድኩም። ለፋሲካ ይምጡ። እብናት ድረስ እንወርድና ዳገቱን እርስዎ ራስዎ ይንዱት፤ መሪ ያስያዙኝ እርስዎ አይደሉ? ኮምፒውተሩ ግን የሁሉን እግር ይጽፋልና ወይራው ጋ ሲደርሱ እንዳይለቁ።

ለእትዬ ብርቱካን ጉንጫቸውን ስሜያለሁ፤ ሹሮው ከዚህ ደብዳቤ ጋር ተልኳል፣ ጾሙን ይግፉበት። ሚሚን ግንባሯን ይሳሙልኝ። ጎረቤትዎን አቶ ደረጄን፣ ያን የቼዝ ጓደኛዎን፣ እንደምን አሉ ይበሉልኝ። ባዩ ሰላም ብሎዎታል፤ ቄስ አለሙም "እግዚአብሔር ይፍታህ" ብለዋል፤ የትኛችንን እንደሆነ አላስረዱም።

እምቢ ያለዎት ታናሽ ወንድምዎ፣
አለምነው

ደብረ ታቦር
መጋቢት ፭ ቀን ፳፻፲፭ ዓ.ም.፣ በአቦ ዕለት