በማንኪራው ቀረሮ ዙሪያ ስለታጠረው አርባ ሜትር

ቀን፦ ግንቦት 13 ቀን 2017 ዓ.ም.
ቁጥር፦ መዝገብ ቤት ስለሌለኝ ቁጥር የለውም

ለተከበሩ አቶ አስናቀ ቢሻው
የአካባቢ መስህቦች ጥበቃ ማስተባበሪያ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ቦንጋ

ጉዳዩ፦ ለይዞታ ጥበቃ ስልትዎ ያለኝን አድናቆት ስለመግለጽ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ እርስዎ፣ መላው ቤተሰብዎና የጽሕፈት ቤትዎ ፒክአፕ በሙሉ ጤንነት ላይ እንደምትገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። በየሳምንቱ ቅዳሜ ከቦንጋ እስከ ማንኪራ ባለው ጭቃ ላይ የሚያደርጉት የመስክ ጉብኝት ወገብዎን እንዳይጎዳው፣ በተለይም ስልክ ሲነካ የሚውለው የቀኝ አውራ ጣትዎ እንዳይዝል ፈጣሪን እለምናለሁ። ማር ሲሰፍሩ ማር ይናገሩ ይባላልና፣ ጉዳዬ የማር ስለሆነ አንደበቴንም ለማጣፈጥ እሞክራለሁ። ካልሆነልኝ ከወዲሁ ይቅርታ።

እኔ ትርሐስ እባላለሁ። ከሰሜን ተመድቤ መጥቼ ቦንጋ ውስጥ ጂኦግራፊ ማስተማር ከጀመርኩ ስድስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። በዚህ ስሜ ላያውቁኝ ይችላሉ፤ «ድንበርተኛ» በሚባለው የስልክ ጨዋታ ውስጥ ግን በአረንጓዴው ቡድን ተሰልፌ ስንት ጊዜ እንደነቀልኩዎትና ስንት ጊዜ እንደነቀሉኝ ሁለታችንም አንረሳውም። እርስዎ የቀዩ ቡድን «አባ ችካል» ነዎት። ይህን ከየት እንዳወቅሁ አይጨነቁ፤ ያሳወቁኝ ራስዎ ስለሆኑ ከታች በአክብሮት አስታውስዎታለሁ።

ደብዳቤው ግልጽ በመሆኑና ጨዋታውን የማያውቅ ሰውም ስለሚያነበው ደንቡን ባጭሩ ልናገር። ጨዋታው በእውነተኛ ቦታዎች ላይ፣ በስልክ ካርታ ብቻ የሚታዩ ችካሎች አሉት። አንድ ተጫዋች በእግሩም ሆነ በመኪና ሄዶ ከችካሉ አርባ ሜትር ውስጥ ሲደርስ ስልኩን ተጭኖ የቡድኑን ቀለም ይተክላል። ሦስት ችካል በአንድ ቀለም ሲያያዝ መሀሉ ያለው አገር በሙሉ የዚያ ቡድን ነው ተብሎ ይቆጠራል። ነገር ግን ችካሉን ከያዘው ቡድን አንድ ሰው በየሰባት ቀኑ እየሄደ ካላደሰው ይዞታው ይወድቃል፤ ተቃራኒው ቡድንም አርባ ሜትር ውስጥ ከገባ ሊነቅለው ይችላል። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይኸው ነው።

እኛ አረንጓዴዎቹ ያለን ስልት ተራ ነበር። የቦንጋውን መናኸሪያ ችካል እዚያው አጠገብ የስልክ መለዋወጫ የሚሸጠው ሀምዛ ሱቁን ሲከፍት ያድሰዋል፤ የቢታ ገነቱን ሩሀማ የምትባል ነርስ ከሥራ ስትወጣ ታድሰዋለች፤ ሦስተኛውን፣ ማንኪራ ጫካ ውስጥ ያለውን ትልቁን የቀረሮ ዛፍ፣ እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ ከመኪና ወርጄ ሁለት ሰዓት በእግሬ እየሄድኩ አድሰው ነበር። ሁለት ዓመት እንዲህ ያዝነው። ከዚያ እርስዎ ተሾሙ፤ ይዞታን እንዴት አድርጎ መጠበቅ እንደሚቻልም ያን ጊዜ ተማርን። የተማርኩትን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩. ስለ አጥሩ። ባለፈው መጋቢት ጽሕፈት ቤትዎ ባወጣው መመሪያ የማንኪራው ቀረሮ «ልዩ ጥበቃ የሚደረግለት መስህብ» ተብሎ፣ ከግንዱ በየአቅጣጫው አርባ ሜትር በእሾህ ሽቦ እንዲታጠርና ያለ ፈቃድ ማንም እንዳይገባ ተወሰነ። የመንደሩ ሰው ለምን ሠላሳ ወይም ሃምሳ እንዳልሆነ ግራ ገብቶት ሲጠይቅ ሰነበተ፤ ከባለሙያዎችዎ አንዱ የሥሩ ስፋት ተለክቶ ነው ብሎ አስረዳ። እኔ ግን የመመሪያውን አባሪ ካርታ ከማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ቀርቤ አየሁት። ካርታው ከስልክዎ የተነሳ የጨዋታው ገጽ ነው፤ የችካሉን አርባ ሜትር የምታሳየው ሰማያዊ ክብ እንኳ ከላዩ አልጠፋችም። ክብ ማኅተምዎ ዝቅ ብሎ ስለተመታም «አባ ችካል» የሚለው ስም ከላይ ሳይሸፈን ቀርቷል። በዓለም ላይ ይህን ጨዋታ በመንግሥት ማኅተም የተጫወተ ሌላ ሰው ስለመኖሩ እጠራጠራለሁ፤ እንኳን ደስ ያለዎት።

፪. ስለ ጥበቃ ሠራተኛው። ከመንደሩ የተቀጠረው አቶ ደጉ ጨዋ ሰው ነው፤ የታዘዘውን ይሠራል። በየሰኞው ማለዳ ከጽሕፈት ቤቱ የተሰጠውን ስልክ አውጥቶ ከዛፉ ሥር ቀዩን ምልክት ሲጫን አይቼ፣ ከሽቦው ውጭ ሆኜ ምን እንደሚሠራ ጠየቅሁት። «የሥራ መግቢያ ፊርማ ነው እኮ፣ እትዬ» አለኝ። «አለቃ ናቸው ያሳዩኝ። ሳልጫን ከቀረሁ ቀሪ ተብሎ ይመዘገባል አሉ።» ሰውየው አንድም ቀን ቀርቶ አያውቅም። ሰባት ቀን እንዳያልፍ ያደረጉበት ዘዴ ያስደንቃል፤ እኛ በላባችን ያደስነውን እርስዎ በሰው የእንጀራ ፍርሃት አደሱት።

፫. እዚህ ላይ ክቡርነትዎን ብቻ ሳይሆን ራሴንም መክሰስ አለብኝ። መመሪያው ስለ ዛፉ ሲገልጽ «ባለቤት የሌለው ጥንታዊ ዛፍ፣ ባህላዊ ጌጦች የተሰቀሉበት» ይላል፤ ጌጦቹን መንካት፣ ማውረድና ማንቀሳቀስም በሕግ ያስጠይቃል ይላል። ይህ ዐረፍተ ነገር የእርስዎ አይደለም፤ የእኔ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ዛፉ የጨዋታው ችካል እንዲሆን ያመለከትኩት እኔ ስሆን፣ ቅጹ ላይ «ባለቤት» የሚለው ቦታ ላይ «የለም» ብዬ፣ መግለጫውንም በዚሁ ቃል ጽፌ ላክሁ፤ ጨዋታውም ችካሉን ለሚከፍት ሁሉ ያንኑ ቃል ያሳያል። አጥር አላየሁም፤ ቤት አላየሁም፤ ስለዚህ ባለቤት የለውም አልኩ። ሽቅብ ሃያ ሜትር ላይ የተጋደሙትን ረጃጅም ነገሮችም ለጌጥ የተሰቀሉ መሰሉኝ። ባደግሁበት አገር ቀፎ የሚቀመጠው ቤት ግድግዳ ውስጥ ወይም ጓሮ ነው፤ ሰማይ ላይ ሰቅሎ የሚሄድ ሰው ይኖራል ብዬ አላሰብኩም። ለጂኦግራፊ መምህርት ይህ የሚያሳፍር ነው፤ አፍሬአለሁም።

ጌጥ ያልኳቸው ዘጠኝ ቀፎዎች ናቸው። ባለቤት የለውም ያልኩት ዛፍም የጋሽ ወልደሩፋኤል ነው። እሳቸው ሰባ ዓመት ያለፋቸው የማንኪራ አዛውንት ሲሆኑ፣ ቀረሮው ከአያታቸው ወደ አባታቸው፣ ከአባታቸው ወደ እሳቸው በቆቦ የወረደ ነው። ቆቦ ማለት በዚህ አገር አንድ ቤተሰብ ቀፎ የሚሰቅልበት የጫካ ድርሻ ነው፤ አጥር የለውም፤ የይዞታ ማረጋገጫው የተሰቀለው ቀፎ ራሱ ነው። ይህን የነገሩኝ እሳቸው ናቸው፤ የነገሩኝም ሳይቆጡ ነው። «አንቺ እንግዳ ነሽ፣ ልጄ፤ አታውቂም» አሉኝ። «ቢሮው ግን እዚሁ ነው ያለው።»

እንግዲህ ክቡርነትዎ ከእኔ ቅጽ ላይ ስህተቴን ገልብጠው፣ ማኅተም መቱበትና ሕግ አደረጉት። እኔ ስሳሳት ስልኬ ውስጥ ነበር የተሳሳትኩት። እርስዎ ግን ያንኑ ስህተት በእሾህ ሽቦ አጠሩት።

፬. ስለ ገመዱ። አሁን ግንቦት ነው። የገተም ዛፍ አበባ ማር ከቀፎ የሚወርደው በዚህ ወር ሲሆን፣ የሰኔ ዝናብ ከጠነከረ በኋላ ንቡ ራሱ ይበላዋል። ከዚያ የባሰም አለ፤ ጋሽ ወልደሩፋኤል እንደነገሩኝ በወቅቱ ሳይወጣበት ያለፈ ዛፍ ባለቤቱ ትቶታል ተብሎ በመንደሩ ሰው አፍ ውስጥ ይገባል፤ እሳቸውም ዘንድሮ ዛፉን ለልጃቸው ለዮሲ ሊያስረክቡ ነበር ያሰቡት። ስለዚህ ቅዳሜ ግንቦት ሁለት ቀን ማለዳ፣ ከሐረግ የተገመደ መውጫ ገመዳቸውን ትከሻቸው ላይ ጥለው፣ አቶ ደጉን በሰላምታ አልፈው ገቡ። የሆነውን ያውቁታል። የዚያን ቀን ሊጎበኙ የመጡት እርስዎ «ቅርስ ሲያበላሽ የተገኘ» ብለው በፒክአፕዎ አስጫኗቸው፤ እስከ ከሰዓት በኋላ ምግብ ሳይቀምሱ አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጧቸው፤ ሲለቋቸውም ዳግም ቢገቡ እንደሚከሰሱ አስፈረሟቸው። ገመዱ «ለማበላሸት የዋለ መሣሪያ» በሚል እስካሁን ዕቃ ቤትዎ ውስጥ ተቆልፎበታል። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ይሏል፤ እኔና እርስዎ ተጫወትን፣ ሽማግሌ ታሰረ።

ከዚህ በታች ያለውን ያለ ቀልድ እንዲያነቡልኝ እለምናለሁ፤ ክቡርነትዎ አላልኩም፣ እርስዎን ነው የምለው።

ዮሲ አባቱ ከተያዙበት ቀን ጀምሮ ገጀራውን እየሳለ ነው። አጥሩን ቆርጬ እገባለሁ ብሏል፤ በመንደሩ ፊት ስለተናገረው ቃሉን መመለስ አይችልም። ለአቶ ደጉም ካለፈው ሳምንት ጀምሮ ጠመንጃ ተሰጥቶታል፤ ሰው ቢገባ ምን እንደሚያደርግ ስጠይቀው ዓይኑን ወደ መሬት ነው ያደረገው። ሁለቱ የአንድ ወንዝ ውኃ የጠጡ፣ ልጆቻቸው አንድ ክፍል የሚማሩ ጎረቤታሞች ናቸው። እኔ ባለፈው ቅዳሜ ስሄድ ከሩቅ ሆኜ መጀመሪያ ያየሁት ሽቦው ተቆርጦ እንደሆነ ነው። ሁለት ሰዎች በገጀራና በጠመንጃ የሚፋጠጡት ስለምን እንደሆነ ከሁለቱ አንዱም አያውቅም፤ የምናውቀው እርስዎና እኔ ብቻ ነን። አንዱ ቢወድቅ ለሚስቱ ምን ብለን ነው የምንነግራት? ስለ አርባ ሜትር? ስለ ቀይ ቀለም? እኔ ሌሊቱን ስገላበጥ የማድረው በዚህ ነው፤ እፈራለሁ፤ እርስዎም እንዲፈሩ እፈልጋለሁ።

ወደ ጨዋው ቋንቋ ልመለስ። ከላይ በተዘረዘሩት ምክንያቶች ጽሕፈት ቤትዎ የሐረጉን ገመድ ለባለቤቱ በክብር እንዲመልስ፣ ጋሽ ወልደሩፋኤልን ያስፈረማቸውን ወረቀት እንዲሰርዝ፣ ከአቶ ደጉ ትከሻ ላይ ጠመንጃውን እንዲያወርድና የአጥሩን በር እንዲከፍት በታላቅ ትሕትና አመለክታለሁ። ዛፉ መጠበቅ የለበትም የሚል ሐሳብ እንደሌለኝ ይታወቅልኝ። ሦስት ትውልድ ያለ ሽቦ፣ ያለ ጠመንጃና ያለ መመሪያ ጠብቆታል፤ አንድ ቅርንጫፉ እንኳ አልጎደለም።

በመጨረሻም ስላስተማሩኝ ሁሉ ከልብ አመሰግናለሁ። ለተማሪዎቼ ወሰን ምን እንደሆነ ሳስረዳ ዓመታት ደክሜ ነበር፤ ዘንድሮ ወደ ማስታወቂያ ሰሌዳዎ ወስጄ ካርታውን ማሳየት ብቻ በቂ ሆኗል። ከኋላ መስመር የነበረችው አንዲት ልጅም «ቲቸር፣ ባትሪው ሃያ ሦስት ፐርሰንት የሚለው የዛፉ ነው?» ብላ ጠይቃኛለች። መልሱን ለእርስዎ ትቼዋለሁ።

ከአውራ ጣትዎ በታች ያለሁ፣ ለሹመትዎ ዕድሜ ለማስተዋልዎም ልደት የምመኝ፣

ትርሐስ
የአረንጓዴው ቡድን የቀድሞ ባለ ችካል፣ የስህተቱ ደራሲ

ግልባጭ፦
ለጽሕፈት ቤትዎ የበላይ አካል፤ ከአባሪው ካርታና ከጨዋታው ገጽ ፎቶ ጋር፣ ልዩነታቸውን ፈልገው እንዲያገኙ
ለማንኪራ መንደር ሽማግሌዎች፤ ጮክ ብሎ እንዲነበብላቸው
ለአቶ ደጉ፤ ሲጫን የከረመው ፊርማ እንዳልነበረ እንዲያውቅ
ለቀይ ቡድን አባላት በሙሉ

ሳልነግርዎ የቀረሁት፦ ይህ ደብዳቤ ተጽፎ ካለቀ በኋላ ዛሬ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ መልስ መጣልኝ። ጋሽ ወልደሩፋኤል በተያዙ ማግሥት የእሳቸውን ቃልና የዘጠኙን ቀፎ ፎቶ አያይዤ፣ ዛፉ ባለቤት እንዳለውና እኔ በስህተት እንዳስመዘገብኩት ገልጬ፣ ችካሉ ከካርታው እንዲነሳ የጨዋታውን ሰዎች ለምኜ ነበር። አንስተውታል። ሁለት ዓመት በእግሬ የያዝኩትም፣ እርስዎ በሽቦ የያዙትም ጠፍቷል፤ ስልክዎን ቢከፍቱ እዚያ ቦታ ላይ ከጫካ በቀር ምንም አያገኙም። አሁን በአጥሩ ውስጥ ያለው አንድ ዛፍ፣ የሰው ማርና ጠመንጃ የያዘ አንድ ደሀ ነው። እስከ ዛሬ ጠዋት ድረስ ጨዋታ ነበር ሊሉ ይችሉ ነበር፤ የአጥሩ በር ቁልፍ ዛሬ ኪስዎ ውስጥ ካደረ ግን ይህን ማለት አይችሉም።