ሳታጠፋው የሄደችው ኮምፒውተር

መጋቢት 3

ልብስ ሳሰጣ ስልክ ጮኸ። ልጄ የጥልፍ ንድፍ የምትሠራለት የጥልፍ ቤት አለቃ ነበር። "እትዬ፣ ቁጭ ብለዋል?" አለኝ። ቆሜ ነበር። የተሳፈረችበት አውቶቡስ ተገልብጦ... ከዚያ ወዲያ ያለውን አልሰማሁም።

ክፍሏ ገባሁ። ኮምፒውተሯ እንደበራ ነው። ስመለስ እጨርሰዋለሁ ብላ ነበር።

መጋቢት 16

ኮምፒውተር ጠጋኙ መጣ። ሰፈር ውስጥ መነጽሮ ይሉታል። ጆሮውን አስጠግቶ አዳመጠው። "እትዬ፣ እያቃሰተ ነው። ከጠፋ ላይነሳ ይችላልና እንዳያጠፉት።" የጥልፍ ፕሮግራሙ ፈቃድም ለዚህ ኮምፒውተር ብቻ ነው አለ። ሥራዋ ያለ ፕሮግራሙ አይከፈትም።

ስክሪኑ ላይ ያለው የእኔ ቀሚስ አንገት ነው። ድሮ በእጄ የጠለፍኩትን ወስዳ ለማሽን ጥልፍ ስትገለብጠው... ግማሽ ላይ ቆሟል። አንዲት ቅጠል ያኔ ተጣማብኝ ነበር። አላቃናቻትም።

መጋቢት 24

ዛሬም አልወጣሁም። መብራት ቢጠፋስ? ብቀመጥስ ምን ላደርግ? እህቴ፣ "ሙሽራ ነው እንዴ ሚዜ የሆንሽለት? ፎቶ አንሺውና ተነሺ" አለችኝ። ፎቶ ይጠለፋል እንዴ?

ሚያዝያ 2

መነጽሮ ላፕቶፕ ይዞ መጣ። የሷን ኮምፒውተር እንዳለ ገልብጦ እዚያ ውስጥ አስነሳው። ኮምፒውተር በኮምፒውተር ሆድ ውስጥ... እውነትም ተነሳ። ፕሮግራሙን ሲከፍተው ግን፣ ይህ ኮምፒውተር ፈቃድ የለውም አለ። መልኳን አይቼ ድምፅዋን እንዳጣሁ ሆንኩ።

"የሷን ኮምፒውተር መለያ ቁጥር አስመስዬ ፕሮግራሙን ላታልለው እችላለሁ" አለኝ።

"ተው ልጄ። እሷ በወጉ ያወጣችውን ፈቃድ እኔ የሌባ አላደርገውም።"

ለኩባንያው ጻፈልኝ።

ሚያዝያ 9

መልስ መጣ። ይፈቀዳል፣ ግን አንድ ቦታ ብቻ። መጀመሪያ በሷ ኮምፒውተር ላይ "ፈቃዱን ልቀቅ" የሚለውን መጫን ነው። ከተለቀቀ እዚያ ዳግመኛ አይከፈትም።

"ይጫኑት እትዬ።"

"አንተ ተጫነው።"

"እኔማ አልደፍርም።"

ላፕቶፑ አልቀበልም ቢልስ? ከሁለት ያጣሁ ልሆን...

ሚያዝያ 10

አልቻልኩም።

ሚያዝያ 13

ተጫንኩት። እሷ ትታው የሄደችው መስኮት ተዘጋ። መነጽሮ ኩባንያው የላከውን ቁጥር ላፕቶፑ ላይ ጻፈ። ጠበቅን... የቀሚሴ አንገት ብቅ አለ። መጀመሪያ ያየሁት ቅጠሏን ነው። እንደተጣመመች ናት። የተረፈውን የሥራ ጓደኛዋ እጨርሰዋለሁ ብላለች። ቅጠሏን እንዳትነካት አስጠነቀቅኳት።

የልጄን ኮምፒውተር በእጄ አጠፋሁት። ክፍሉ ጭር አለ። ለካ ስንት ቀን ሙሉ ያን ድምፅ ስሰማ ነው የከረምኩት። ጫማዬን አደረግኩ። በሩን ቆለፍኩ። መንገዱን እስከ ዳር ሄጄ ተመለስኩ።

ይህ ደብተር ከእኔ በኋላ እጅህ የገባ ሰው፣ ማን እንደሆንክ አላውቅም። ከመክደንህ በፊት ለልጄ ነፍስ ጸልይላት። አጭርም ቢሆን ይበቃኛል።