ጋሽ ቆይ ቤት እስኪመርጡ

ጋሽ ቆይ የተወለዱበት ጠዋት እንደ ሌላው ጠዋት ነበር። አባታቸው በባቡር ጣቢያ ምልክት ሰጪ ስለነበሩ የጠዋቱን ባቡር ለማሳለፍ ፋኖሳቸውን ይዘው ገና ሳይነጋ ወጡ። እናታቸው ከእህታቸው ጋር ልብስ አጥበው ገመድ ላይ ሲያሰጡ ምጥ መጣ። ያን ዕለት ባቡሩ ዘግይቶ ስለነበር አባት ሲመለሱ ልጁ ተወልዶ፣ ታጥቦና ተጠቅልሎ ተኝቷል፤ ልብሱም ደርቋል። እናታቸው ስለዚያ ቀን ሲጠየቁ፣ "ምን የተለየ ነገር ነበረ? ልጅ ተወለደ እንጂ" ይሉ ነበር።

ለወላጆቻቸው አራተኛ ልጅ ነበሩ። የመጀመሪያ ትምህርታቸውን በጣቢያው አጠገብ በነበረው ትምህርት ቤት፣ ሁለተኛውን ደረጃ አክስታቸው ዘንድ ተቀምጠው ተማሩ። ከዚያም ሙያ ትምህርት ቤት ገብተው በኤሌክትሪክና በመካኒክነት ተመረቁ። በሃያ ዓመታቸው አሳንሰር በሚተክልና በሚጠግን ድርጅት ተቀጠሩ፤ እስከ ጡረታቸውም ሌላ መሥሪያ ቤት አልቀየሩም።

ተሳፋሪው የሚያውቀው የአሳንሰሩን ቁልፍና በሩን ነው። የእሳቸው ሥራ ከግድግዳው በስተጀርባ፣ ጨለማና ቅባት በሞላው ጠባብ ጉድጓድ ውስጥ ነበር። ግንባራቸው ላይ መብራት አስረው፣ ጨርቅ በእጃቸው ይዘው የብረት ገመዱን ቀስ ብለው ያብሱታል። የተበጠሰች ቀጭን ሽቦ ካለች ጨርቁን ትይዘዋለች። ጨርቁ ከተያዘ፣ የሕንፃው ባለቤት ቢለምንም ቢቆጣም፣ አሳንሰሩ አይንቀሳቀስም። ሰው ፎቅና ፎቅ መካከል ተይዞ ሲጠሯቸው ደግሞ መሣሪያቸውን ከማውጣታቸው በፊት በሩ አጠገብ ተቀምጠው ያወሩ ነበር። "አይዞዎት እማማ፣ ይህ ገመድ ጎሽ ይጎትታል። እኔ ሁለቱንም አውቃቸዋለሁ" ይላሉ። ከውስጥ ሳቅ ሲሰሙ ሥራ ይጀምራሉ።

ጎሹን ያወቁት በሃያ አምስት ዓመታቸው ነው። የማዕድን ጉድጓድ ማንሻ እንዲተክሉ ከከተማ ርቆ ወደሚገኝ ጫካ ተላኩ። ለማዕድን ማውጫው ወጥ ቤት ሥጋ የሚያቀርቡት በሳምንት ስድስት ቀን ሥጋ ሲቆርጡ ውለው በሰባተኛው ቀን ጠመንጃ ይዘው ሥጋ ፍለጋ የሚወጡ ወጣት ነጋዴ ነበሩ። እኚህ ሥጋ ሻጭ የአደን ፈቃድ እንዲያወጡ ረዷቸው፤ ዱካ መከተልንና ነፋስን ማወቅንም አስተማሯቸው። እስከ መጨረሻው ቀን ድረስ ጓደኛቸው ነበሩ።

ቅጽል ስማቸውን ያወጡላቸውም እኚሁ ጓደኛቸው ናቸው። ታሪኩን በየሰርጉና በየድግሱ ሲያወሩት ሰምተናል፤ "ጎሹ ፊት ለፊታችን ቆሟል። ጎኑን ሰጥቶናል። ይሄ ሰውዬ 'ቆይ' ይለኛል። ምን እንቆይ? ፎቶ ልናነሳው ነው?" ከተባለው ጎሽ ኋላ ሌላ ጎሽ ነበረ፤ ጥይቱ አንዱን አልፎ ሁለተኛውን ያቆስላል ብለው ነው ቆይ ያሉት። ሲቆዩ ነፋሱ ዞረ፤ ሁለቱም ጎሾች ሄዱ። ከዚያ በኋላ የአዳኞቹ ማኅበር በሙሉ ጋሽ ቆይ ይላቸው ጀመር። ከጋሽ ቆይ ጋር የወጣ ሰው ጎሹ በእርጅና ሲሞት አይቶ ይመለሳል እየተባለም ተቀለደባቸው። እሳቸው አይከፋቸውም ነበር። ቀልደኛውም ቢሆን አደገኛ ቦታ ላይ ሲደርስ ከእሳቸው ጎን መሆንን ይመርጥ ነበር።

ለትዳራቸው ምክንያት የሆነው የተበላሸ አሳንሰር ነው። በጊዜው ባለቤታቸው ከዩኒቨርሲቲ ተመርቃ ኬሚስትሪ ማስተማር የጀመረች ወጣት ነበረች፤ የምትኖረውም አምስተኛ ፎቅ ላይ ነበር። የተማሪዎቿን ደብተር ተሸክማ ስትወጣና ስትወርድ ጉድጓዱ አፍ ላይ ታገኛቸዋለች። መቼ ያልቃል ስትላቸው መልሳቸው ሁልጊዜ "ትንሽ ይቆዩ" ነበር። አንድ ቀን ትዕግሥቷ አልቆ፣ "እኔ እኮ እዚሁ ደረጃ ላይ ላረጅ ነው" አለቻቸው። እሳቸውም ደብተሮቹን ከእጇ ተቀብለው አምስተኛ ፎቅ ድረስ በእግራቸው አደረሱላት፤ አሳንሰሩን ግን በዚያም ሳምንት አልለቀቁትም። በተጠገነ ጊዜ የመጀመሪያዋ ተሳፋሪ እሷ ሆነች። በዓመቱ ተጋቡ፤ አንዲት ሴት ልጅና አንድ ወንድ ልጅም ወለዱ።

ይህን ታሪክ ያዘጋጀችው ባለቤታቸው ስለ አደን ብዙ አታውቅም። የምታውቀው ከአደን የተመለሰ ሰው በር እንዴት እንደሚከፍት ነው። ቀስ ብለው ይከፍታሉ፤ ጫማቸውን ደጅ ያወልቃሉ፤ የሣርና የጭስ ሽታ ቀድሟቸው ይገባል። ጠመንጃቸውን ወልውለው ሳጥኑ ውስጥ ሳይቆልፉ እህል አይቀምሱም ነበር። በቤቱ ግድግዳ ላይ ቀንድ እንዳይሰቀል ባለቤታቸው ስለከለከለች፣ አንድ ትልቅ የጎሽ ቀንድ በጥገና ክፍላቸው ውስጥ ሰቅለው ሠራተኞቹ ካፖርታቸውን ያንጠለጥሉበት ነበር። አንድ ጊዜ ያቆሰሉትን ጎሽ ተከትለው ሄደው ሴት ልጃቸው ትምህርት ቤት የተሸለመችበት ቀን አለፋቸው። የቆሰለ አውሬ ትቶ መመለስ በእሳቸው ዘንድ አይታሰብም። ልጃቸው ግን ለብዙ ጊዜ "አባዬ፣ እኔም ብቆስል ይሻለኝ ነበር" እያለች ትወጋቸው ነበር። ይህንንም አንገታቸውን ደፍተው ሰምተዋል።

ድርጅቱ እየለመነ ያዘገየው የጡረታቸው ጊዜ ሲቃረብ የት እንኑር የሚለው ጥያቄ ቤት ውስጥ ገባ። እሳቸው አውሬ ያለበት አገር ዳር መኖርን ይመኙ ነበር። ዕድሜያቸውን ጉድጓድ ውስጥ አሳልፈው የቀረውን ሜዳ እያዩ ለመጨረስ ማሰባቸው አይፈረድባቸውም። ባለቤታቸው ደግሞ ከከተማ መውጣት አልፈለገችም። መጻሕፍት ቤቱን፣ የቀድሞ ተማሪዎቿንና ልጇን ትታ ጅብ ሲጮህ ማደር አይታያትም ነበር። አንዳቸውም ሌላውን ማስከፋት ስላልፈለጉ፣ ለስድስት ዓመት የዓመት ዕረፍታቸውን ቤት በማየት አሳለፉት። አሁን ሲታሰብ ያ ዘመን ከዕድሜያቸው ሁሉ የሚናፈቀው ነው። በአሮጌዋ መኪና ከኋላ መቀመጫው ላይ ፍራሽ ተጥሎ፣ መስኮቱ ተከፍቶ፣ ሁለት ሰዎች እየተከራከሩ ስንት አገር አዩ።

ቤት የሚያዩት እንደ አዳኝ ነበር። የቤቱን ሻጭ ከማነጋገራቸው በፊት ከነፋሱ በታች ተቀምጠው፣ የርቀት መነጽራቸውን ይዘው፣ ማን እንደሚገባና ማን እንደሚወጣ ቀኑን ሙሉ ይመለከታሉ። አንድ ኮረብታ ላይ ያለ ቤት ለማየት በሄዱ ጊዜ ቁጥቋጦ ውስጥ እንደተቀመጡ የአካባቢው ሰው ከበባቸው። ባለቤታቸው ካረፉበት ቤት ተጠርታ ፖሊስ ጣቢያ ስትደርስ አግዳሚ ወንበር ላይ በእርጋታ ተቀምጠው አገኘቻቸው።

"ቤት ሊገዛ ነው" አለች ለመርማሪው።

"ቤት የሚገዛ ሰው እኮ በር ያንኳኳል፣ እመቤቴ" አላት።

"እሱን ሠላሳ ዓመት ነግሬዋለሁ።"

ያ ቤት በዚሁ ቀረ። ከሁሉ የወደዱት የሐይቁን ዳር ቤት ነው። የድንጋይ ቤት ነበር፤ በረንዳው ላይ የተቀመጠ ሰው ማታ ማታ ጎሾቹ ውኃ ሊጠጡ ሲወርዱ ያያል። ባለቤታቸው የጎሾቹን ሳይሆን የእሳቸውን ፊት ተመለከተች። ሐኪም ቤት ሩቅ ነበር፤ መንገዱ በዝናብ ይቆረጣል፤ ጎረቤት የሚባል አልነበረም። ይህን ሁሉ እያወቀች በዚያ ምሽት "እሺ፣ እዚህ እንኑር" አለቻቸው። ወደ ከተማ ተመልሰውም መጻሕፍቷን በካርቶን ማሸግ ጀመረች። ሥጋ ሻጩ ጓደኛቸው በደስታ ለሐይቁ መንገድ የሚሆን ሌላ መኪና ሊገዙ ተነሡ።

እሳቸው ግን "ቆይ" አሉ።

ከዚያ በኋላ ለብዙ ሳምንታት ጠዋት ጠዋት ታጣፊ ወንበራቸውንና መነጽራቸውን ይዘው ይወጡ ነበር። ጓደኛቸው ከተማ ውስጥ በከፈቱት ሥጋ ቤት የሚውሉ መስሎን ነበር። አንድ ቀን ባለቤታቸውንና ጓደኛቸውን መኪና ውስጥ አስገብተው እዚሁ ከተማ ውስጥ መንገድ ዳር ወዳለ ቤት ወሰዷቸው። ፎቅ የሌለው፣ ሁለት ክፍልና ወጥ ቤት፣ አንድ የሎሚ ዛፍ ያለበት ትንሽ ግቢ ነው። ከመንገዱ ማዶ መድኃኒት ቤት፣ ጥግ ላይ ዳቦ ቤት አለ። ወደ ልጃቸው ሠፈር የሚሄደው አውቶቡስም ደጁ ላይ ይቆማል። "ይህን ነው የምንገዛው" አሉ።

ባለቤታቸው ተቆጣች። "ስድስት ዓመት ጫካ ለጫካ ያዞርከኝ ለዚህ ነው? እሺ ብዬህ የለም እንዴ? ደግሞ ይሄ ላንተ ምን አለው?"

ሥጋ ሻጩ ጣልቃ ገቡ፤ "ተዪው መምህርት፣ አመሉ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ጎሹ እዚያ፣ ድንኳኑ እዚህ እያደረገ እግሬን ጨርሶታል። አውሬው አጠገብ እንትከል ስለው አንድ ቀን ሰምቶኝ አያውቅም።"

እሳቸውም ሎሚው ሥር ቆመው መለሱ፤ "ድንኳን የሚተከለው ለሚወጣው አይደለም። የሚወጣው የትም ጥላ ያገኛል፣ ጓደኛም አለው። ብቻውን የሚውለው ድንኳን የሚጠብቀው ነው። ስለዚህ ለእሱ ውኃ ይቅረበው፣ መንገድ ይቅረበው፣ ሲጣራ የሚሰማው ሰው ይኑር። አንቺ ደግሞ ከእኔ በአሥራ አንድ ዓመት ታንሻለሽ።"

"እኔ ቀድሜ ብሞትስ?" አለች።

"ያኔ ለእኔ ድንኳን ይበቃኛል።"

ከዚያም በመንገዱ ላይ ተቀምጠው ሲመለከቱ ስለከረሙት ነገር ነገሯት። ከጎን ባለው ቤት ብቻቸውን የሚኖሩ አንዲት አሮጊት ነበሩ። ዘንቢላቸውን ይዘው ሲወጡ አንዱ ይቀበላቸዋል፤ ሌላው ሊያወራቸው ያስቆማቸዋል፤ የመድኃኒት ቤቷ ልጅ ወንበር ታወጣላቸዋለች። ቤቱን የመረጡት ግን በዚህ አልነበረም። አንድ ቀን አሮጊቷ ሳይወጡ ቀሩ። ረፋድ ላይ ዳቦ ጋጋሪዋ ሱቋን ትታ ሄዳ በራቸውን አንኳኳች፤ ደህና መሆናቸውንም አይታ ተመለሰች። ከቤቱ ሻጭ ጋር ዋጋ የተነጋገሩት በዚያኑ ቀን ነው።

በዚህ ቤት ዘጠኝ ዓመት ኖሩ። ለመጀመሪያዎቹ ጥቂት ዓመታት ከጓደኛቸው ጋር ወደ ሐይቁ ይሄዱ ነበር። እጃቸው መንቀጥቀጥ ሲጀምር ማንም ሳይነግራቸው ጠመንጃቸውን ፈቃድ ለሚሰጠው ቢሮ አስረከቡ። ባለቤታቸው የድንጋዩ ቤት ይቆጭህ ይሆን ብላ አንድ ጊዜ ብቻ ጠይቃቸዋለች። "ጎሾቹ እንደሆኑ ቤት አልቀየሩም። የት እንዳሉ አውቃለሁ" አሏት። በእነዚህ ዓመታት የልጅ ልጆቻቸውን ዱካ ማንበብ አስተማሩ፤ በሠፈሩም ዱካው ያልታወቀ ድመት አልነበረም። ለዳቦ ቤቱ የሊጥ ማሽን፣ ለጎረቤቶቻቸው የበር ቁልፍ ሲጠግኑ ኖሩ። አሮጊቷ ባረፉም ጊዜ አስከሬናቸውን ተሸክመው ከወጡ ሰዎች መካከል ነበሩ።

ባለፈው ዓመት ልባቸው ደከመ። የሚያስፈልጋቸው ሕክምና ሁሉ ተደርጎላቸዋል። ሥጋ ሻጩ ጓደኛቸው በየቀኑ እየመጡ፣ "እስቲ አንድ ጊዜ እንኳ ሳትቆይ ተነሥ" እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር፤ እሳቸውም እስከ ቻሉ ድረስ ይስቁ ነበር። ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት በሰባ ስምንት ዓመታቸው በቤታቸው ዐረፉ። ሰው የሚያስታውሰው የመጨረሻ ቃል አልተናገሩም። ውኃ ጠየቁ፣ ጠጡ፣ ወደ ግድግዳው ዞረው ተኙ። ባለቤታቸውና ሴት ልጃቸው አጠገባቸው ነበሩ።

ከኋላቸው ባለቤታቸውን፣ ሴት ልጃቸውን፣ ወንድ ልጃቸውን፣ ሦስት የልጅ ልጆችን፣ አንዲት እህታቸውን፣ እንዲሁም ከወንድም የማይተናነሱ ጓደኛቸውን ትተዋል። በሕመማቸው ጊዜ ላልተለዩን የሠፈሩ ሰዎችና በጨለማው ጉድጓድ አብረዋቸው ለሠሩ የሙያ ባልደረቦቻቸው ቤተሰቡ ምስጋናውን ያቀርባል። ማንንም ሳያስቸኩሉና ማንንም ሳይጎዱ መንገዳቸውን ጨርሰዋልና፣ ፈጣሪ ደክሞ ለገባ ሰው የሚገባውን ዕረፍት ለነፍሳቸው ይስጥልን።

ባለቤታቸው እሳቸው በመረጡላት ቤት ትኖራለች። ከማክሰኞ ወዲህ በሩ በየጠዋቱ ይንኳኳል። መድኃኒት ቤቱ ከመንገዱ ማዶ ነው፤ ልጇ በአንድ አውቶቡስ ትደርሳለች። ሁሉም ነገር ቅርብ ነው። እሳቸው የሉም።