አባቴን ዲዳ ላደረገው የጥገና ማዕከል

ለተከበሩ አቶ ሊዮፖልዶ ቴክሶን፣
በኢሎኢሎ ከተማ የኮምፒውተር ዋስትናና ጥገና ማዕከል ሥራ አስኪያጅ

ክቡር ሆይ፤ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ የተሟላ፣ በተለይም አንደበትዎ ዘወትር የሚታዘዝልዎ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ።

አባቴ ኤልፒዲዮ ፓልማሬስ ከሃሮ ሰፈር እስከ ሞሎ ሰፈር የከተማችንን ታክሲ፣ ጂፕኒ፣ ሲነዳ የኖረ፣ ሰፈሩ ሁሉ በጩኸቱ የሚያውቀው ሰው ነበር። ጡንቻ የሚያደክም በሽታ መጀመሪያ እጁን፣ ቀጥሎ ድምፁን ወሰደበት። የቀረው ዓይኑ ነው፤ ኮምፒውተሩ ዓይኑ ያረፈበትን ፊደል እየለቀመ ይናገርለታል። ማራገቢያው ስለጮኸ ብቻ ወደ እናንተ አመጣሁት። ምስጋናዬም እንደሚከተለው ነው።

፩. ማራገቢያ እንድታጸዱ የሰጠኋችሁን ኮምፒውተር እስከ አንጎሉ፣ እስከ ፕሮሰሰሩ ድረስ መፍታታችሁ ትጋታችሁን ያሳያል። ፕሮሰሰሩን አጣማችሁ ስለጫናችሁት፣ መቀመጫው ላይ ያሉት ከፀጉር የቀጠኑ የብረት እግሮች ነፋስ እንደጣለው ሩዝ ተጋደሙ። እናመሰግናለን፤ ከዚያ ወዲህ ማራገቢያው ፈጽሞ አልጮኸም።

፪. ሠራተኛዎ «ይሄ የደንበኛ ጥፋት ነው፤ ዋስትናው ተሰርዟል» አለኝ። «ከእናንተ በቀር ማንም አልከፈተውም» ስለው፣ «እንግዲያው ኮምፒውተሩ ይናገራ!» ብሎ ሳቀ። እናንተ ጋ እስኪመጣ ድረስማ ይናገር ነበር። እርስዎም ከመስታወት ክፍልዎ ብቅ ብለው «ማዘርቦርዱ፣ ዋናው ሰሌዳ፣ አይጠገንም፤ አዲስ ይግዙ» አሉ። የአባቴ የመናገሪያ ፕሮግራም ፈቃድ ከዚያው ማዘርቦርድ ጋር የታሰረ፣ በሌላ የማይሠራ መሆኑን ሳስረዳዎ፣ ሰዓትዎን ተመለከቱ።

፫. በዚያው ሳምንት የአባቴ ታላቅ ወንድም አርሴኒዮ ከባኮሎድ ከተማ፣ ከሆስፒታል አልጋው ደወለ። አጎቴ በጋራ የገዟትን ጂፕኒ አባቴን ሳያማክር ከሸጠ ወዲህ ሁለቱ ተነጋግረው አያውቁም። «ፒድዮ፣ ይቅር ብለኸኛል ወይ?» አለ፣ አባቴን በልጅነት ስሙ ጠርቶ። አባቴ ዓይኑን ጨፍኖ ገለጠ፤ በእኛ ቤት ያ አዎ ማለት ነው። «አዎ ብሎሃል፣ አጎቴ» አልኩት። «አንቺማ ከልጅነትሽ አስታራቂ ነሽ። እሱ ራሱ ይበለኝ» አለና ዘጋው። አባቴ እንባው ጆሮው ውስጥ ገባ፤ የሚጠርግበት እጅ የለውም።

አራተኛ እያልሁ መቁጠሩን ትቼዋለሁ።

እኔ የጥርስ ሐኪም ነኝ። እሑድ ክሊኒኬን ዘግቼ ማጉያ መነጽሬን አደረግሁና፣ በቀጭኗ የመመርመሪያ መርፌ እያንዳንዱን የተጋደመ እግር ከጎረቤቱ ጋር እያስተያየሁ ቀና አደረግሁ። እነዚህ እግሮች አንዴ ይቃናሉ፤ ደጋግመው ካጠፏቸው ይሰበራሉ። ሁለቱ ተደራርበው ነበር፤ እነሱን ከማላቀቄ በፊት ተነሥቼ ፊቴን ታጠብኩ። ቤት ወስጄ ሳበራው ስክሪኑ ነቃ። የአባቴ የመጀመሪያ ቃል «ደውይ» የሚል ነበር።

አጎቴ ጋ ደወልኩ፤ ስልኩን ያነሣችው ልጁ ቴሬሲታ ናት። «ዘገያችሁ፣ እህቴ። ትናንት ጠዋት አረፈ» አለች።

አባቴ ዓይኑን ከፊደሎቹ ላይ አላነሣም። ስልኩን ሬሳ ሣጥኑ ላይ እንድታስቀምጠው ለመናት። ለቀስተኛ በሞላበት ቤት ያ የማሽን ድምፅ እንዲህ አለ፦ «ማኖንግ፣ ታላቅ ወንድሜ፣ አዎ ያልኩህ እኔ ነኝ። ልጄ አልዋሸችህም።»

ብረቱን አቅንቼዋለሁ፣ ክቡር ሆይ። ወንድማማቾቹን የማገናኝበት መርፌ ግን የለኝም። አይጠገንም ያላችሁትን አንዲት ሴት በአንድ እሑድ ጠግናዋለች፤ እናንተ ቀድሞውን ባትነኩት ኖሮ አጎቴ መልሱን ሰምቶ ይሞት ነበር። ይህን እያወቁ እንቅልፍ የሚወስድዎ ከሆነ፣ ጤንነትዎ በእርግጥ የሚያስቀና ነው።

ከመስታወት ክፍልዎ ደጃፍ ላይ እጅ እየነሣሁ፣ ዋስትናዋ የተሰረዘባት አክባሪዎ
ዶክተር ሮዌና ፓልማሬስ

ማስታወሻ፦ ደብዳቤውን ለአባቴ ሳነብለት «ጨዋነት አበዛሽ» አለኝ፤ እሱም የጂፕኒ ሹፌር በሚያውቀው ቋንቋ የራሱን አዘጋጅቷል። ሰኞ ጠዋት፣ አዳራሽዎ በደንበኛ በሞላበት ሰዓት አባቴን ከነኮምፒውተሩ ይዤው እመጣለሁ፤ የድምፅ ማጉያም ገዝተንለታል። ስለ ወንበር አይጨነቁ፤ የራሱን ባለጎማ ይዞ ይመጣል።