የጠዋቱ ሰው

ሐሙስ፣ ነሐሴ 6 ቀን 2013 ዓ.ም፣ ቴምቢሳ፣ ደቡብ አፍሪካ

ደክሞኛል። ወንድሜ ታሪኩ በኮሮና ካረፈ ወዲህ ሱቁን ከጠዋት እስከ ማታ የምይዘው ብቻዬን ነው። ድሮ ጠዋቱ የእሱ፣ ከሰዓቱ የእኔ ነበር። መንታ መሆናችንን ለደንበኞቻችን ነግረናቸው አናውቅም። ከሱቁ የብረት ፍርግርግ ጀርባ፣ ያውም በማስክ፣ ማን ይለየናል? አንድ ሰው ነው የምንመስላቸው። "ይሄ ልጅ አይደክመውም እንዴ?" ይሉ ነበር። ታሪኩ ማታ ማታ ይህን በእነሱ ድምፅ እያስመሰለ ያስቀኝ ነበር።

ዛሬ ጠዋት እንደ አገሬው አያት ለማለት ጎጎ የምንላቸው አሮጊት ዳቦ ሊገዙ መጡና በቴሌቪዥን ያዩትን አጫወቱኝ። ብራዚል ውስጥ አንዲት ትንሽ ከተማ አለች አሉ፤ መንታ በመንታ የሆነች።

"እናንተ አገርስ መንታ አለ?"

"አለ፣ ጎጎ" አልኳቸው። 

ዳቦውን ተቀብለው መሄድ ሲገባቸው ቆመው ዓይን ዓይኔን ያዩኝ ጀመር።

"ልጄ፣ ምን ነካህ? ድሮ እኮ ጠዋት ጠዋት ሳቂታ ነበርክ።"

ጠዋቱ የታሪኩ እንደነበር ዛሬ አልነገርኳቸውም። ነገም ለዳቦ ይመጣሉ።