ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ የማይናገረው ፋይል

ውድ ወንድምዓለም፣

ከቀበርንህ ሰባተኛ ሳምንቱ ነው። የምጽፍልህ መልስ ፈልጌ ነው። እንደማይመጣ አውቃለሁ፤ ቢሆንም።

የሚጥል በሽታዋ እናታችንን በጣላት ቁጥር ስፌትህን ጥለህ እየሮጥክ የምትጫናት የኮምፒውተር ቁልፍ ትዝ ትልሃለች? ፕሮግራሙን ሲ በሚባለው የኮምፒውተር ቋንቋ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ቁልፏን ስትጫን ሰዓቱ ፋይል ውስጥ ይገባል። አንተ አንድ ነገር ብቻ ጠየቅከኝ።

«አንቺ፣ ቀኑንና ወሩን እኔም እንዳነበው አድርገሽ አትጽፊውም?»

«አንተ መርፌህን ያዝ። ማሽኑ ያውቀዋል።»

«እሺ፣ ኢንጂነሯ!»

እናታችንም ሳቀች።

አሮጌው ኮምፒውተር ባለፈው ሳምንት ተቃጠለ። ፋይሉን ቀድሜ ገልብጬው ስለነበር አልደነገጥኩም። በአዲሱ ስከፍተው ግን እናታችን ገና ሳትወለድ የጣላት ቀን አለ። አሮጌው አንዱን ሰዓት በአራት ባይት ቦታ ይጽፍ ነበር፤ አዲሱ በስምንት ያነባል፤ የሁለት ሕመም ሰዓት እንደ አንድ ቁጥር እየደረበ። አስተካከልኩት። አሮጌው ባይቶቹን የሚደረድረው ከአዲሱ በተቃራኒ ስለነበር ቅደም ተከተላቸውንም ገለበጥኩ። ቁጥሮቹ ቁጥር መሰሉ። ግን ከየትኛው ቀን ጀምሮ የተቆጠሩ? ሲ ይህን አይደነግግም፤ ለየማሽኑ ይተወዋል። ማሽኑ የለም። ዓመቱን፣ ወሩን፣ ቀኑን ለየብቻ መጻፍ ስችል ማሽኑ በሆዱ የያዘውን ቁጥር እንዳለ አፈሰስኩት። ስንፍና ነበር። ፍጥነት ነው ብዬህ ነበር።

አርባ አንድ ጊዜ ጥሏታል። ከአንዱ እስከ ሌላው ስንት ሰዓት እንደሆነ አውቃለሁ። መቼ እንደሆነ አላውቅም፤ የአንዱን ቀን እንኳ የሚያስታውስ ቢኖር አንተ ብቻ ነበርክ። መሃል ላይ ሃያ ሦስት ቀን ደህና የሰነበተችበት አለ። መድኃኒቷ ከመቀየሩ በፊት? ከተቀየረ በኋላ?

ሐኪሙም የጠየቀው ይህንኑ ነው።

«ልጄ አንድም ሳይቀር መዝግቦልኛል፣ ዶክተር» አለች እናታችን፣ ቀና ብላ።

ወለሉን አየሁ። «አላውቅም» አልኩ።

«አዲሱ መድኃኒት ይጥቀማት ይጉዳት ሳላውቅ መቀጠል አልችልም» አለ። «ለጊዜው እናቁመውና እንደ አዲስ እንቁጠር።»

እንደ አዲስ መቁጠር ማለት እስክትወድቅ መጠበቅ ማለት ነው።

ዛሬ ጠዋት እንክብሏን አልሰጠኋትም። ወንበሬን ፊት ለፊቷ አድርጌያለሁ። ጀምረህ የተውከውን ቀሚስ እያጠፈች ነው። እጇን አያለሁ። ከንፈሯን አያለሁ።

«ምን ታፈጥጪብኛለሽ?» አለችኝ አሁን።

ምን ልበላት?

እህትህ